የመኪና ጎሚኒ፦ የደሴና የኮምቦልቻ ሾፌሮች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ መኪና እጠግናለሁ። መኪናው ከሥር እየተንኳኳ የሚመጣ ሰው የሚጠይቀኝ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነገር ነው። አንዳንዱን በስልክ፣ አንዳንዱን ከመኪና ሥር የምንሠራበት የጋራዡ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሜ፣ አንዳንዱን ቡና እየተጠጣ ስመልስ ኖሬያለሁ። አሁን አንድ ላይ ጻፍኩት።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው እንግባባ። «ጎማ» ስል ጥቁሩን፣ የሚለጠጠውን ነገር ማለቴ ነው። መንገድ ላይ የሚሽከረከረውን «እግር» እለዋለሁ፤ ጋራዥም የፊት እግር፣ የኋላ እግር ነው የምንለው።

ጎሚኒ የምንለው የትኛውን ነው?

ሁለት ብረቶችን አገናኝቶ ትንሽ እንዲንቀሳቀሱ የሚፈቅድላቸው የጎማ መጋጠሚያ ነው። ቆርጣችሁ ብታዩት ሦስት ነገር ታገኛላችሁ። መሃሉ ላይ ቡሎን የሚያልፍበት የብረት ቱቦ አለ። ውጭው ላይ ሰፋ ያለ ሌላ የብረት ቀለበት አለ። በሁለቱ መካከል ጎማ አለ። ጎማው በሙቀትና በግፊት ከሁለቱም ብረቶች ጋር ተጣብቆ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። የውጪው ቀለበት የሌለውም አለ።

የት ነው ያለው? የፊት እግርን የሚይዘው አርም (እንደ ክንድ ያለ ብረት) ሻንሲው፣ ማለትም የመኪናው አጽም፣ ላይ የሚታሰርበት ቦታ። የሾክ አብዞርበሩ ጫፎች። ስታቢላይዘሩ፣ መኪናው ጠመዝማዛ ላይ እንዳያዘነብል የሚይዘው ዘንግ፣ የሚታቀፍበት ቦታ። ባሌስትራ (የተደራረበ ዝርግ ብረት ሞላ) ባለው መኪና የባሌስትራው ዓይን ውስጥ። ቪትዝ ካላችሁ ደግሞ የኋላውን ሁለት እግር የሚያገናኘው ድልድይ የሚታሰረው በሁለት ትልልቅ ጎሚኒዎች ነው።

መለዋወጫ ቤት «ቡሽ» ቢሏችሁ ያው እሱ ነው። «ሳይለንት ብሎክ» የሚሉም አሉ። ቦኮላ ግን ብዙ ጊዜ የብረት ወይም የነሐስ ነው፤ ሥራውም ሌላ ነው። ከታች እመጣበታለሁ።

የጋራዥ ቋንቋችን አብዛኛው ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ጎሚኒ፣ ቦኮላ፣ ባሌስትራ፣ ሞላ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ክሪክ። ጣሊያን ደሴ የገባው ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ነበር፤ በ1933 ተባሮ ወጣ። ቃላቱ ከእኛ ጋር ቀሩ።

ብረት በብረት ቢታሰር አይጠነክርም?

ይጠነክራል። ግን ውስጡ አትቀመጡበትም።

እግሩ ጉድጓድ ሲገባ የሚፈጠረው ምት ሁለት ዓይነት ነው። ትልቁን፣ ቀስ ብሎ የሚመጣውን ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ ይቀበሉታል። ትንሹ፣ ፈጣኑ ንዝረት ግን እነሱ ጋ አይቆምም። በብረቱ አድርጎ ወደ ሻንሲው፣ ከሻንሲው ወደ መቀመጫችሁ፣ ወደ መሪውና ወደ ጆሯችሁ ይመጣል። ጎማ መካከል ሲገባ ያንን ንዝረት ይውጠዋል። በዚያ ላይ ብረት በብረት ላይ ሲንቀሳቀስ ይበላላል፣ ግራሶም ይፈልጋል። ጎማ አይፈልግም።

ጎማ ለዚህ ሥራ የበቃው በማብሰል ነው። ጥሬው የጎማ ዛፍ ፈሳሽ ሲሞቅ ይጣበቃል፣ ሲበርድ ይሰባበራል። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር ማሞቅ ይህን እንደሚያስቀር ደረሰበት፤ በ1844 መብቱን አስመዘገበ። ዛሬም ጎሚኒው በመሠረቱ በዚያው መንገድ ነው የሚሠራው። ጥቁር የሆነው ካርቦን ስለሚገባበት ነው። ካርቦኑ ያጠነክረዋል፣ ከፀሐይም ይከላከልለታል።

ጎሚኒው ቡሎኑን ዞሮ ይሽከረከራል አይደል?

አይሽከረከርም። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ ስለሚነሳ ይህችን ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

የበር ማጠፊያ ይሽከረከራል። ስለዚህ ዘይት ይጠጣል፣ ሲደርቅም ይጮኻል። ጎሚኒ ማጠፊያ አይደለም። ዳዶው (ቡሎኑ ጫፍ ላይ የሚታሰረው) ሲጠብቅ የመሃሉ ቱቦ በሁለቱ የብረት ጆሮዎች መካከል ጭምድድ ተደርጎ ይያዛል። ከዚያ በኋላ ቱቦው የሻንሲው አካል ነው፤ ንቅንቅ አይልም። የውጪው ቀለበት ደግሞ በፕሬስ ተጨምቆ አርሙ ውስጥ ስለገባ የአርሙ አካል ነው። እግሩ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል አርሙ ይወዛወዛል። ሻንሲው ቆሟል። በመካከል ያለው ጎማ ይጠማዘዛል።

እርጥብ ነጠላ ስትጨምቁ አስቡት። አንዱ እጃችሁ ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ ይዞራል። ጨርቁ ከእጃችሁ አያመልጥም፤ መሃል ለመሃል ይጠማዘዛል። ስትለቁት ይመለሳል። ጎሚኒም እንደዚያው ነው፣ በየጉድጓዱ ይጠማዘዝና ይመለሳል። ለዓመታት እንዲህ ሲሠራ ይኖራል፣ እኛ ካላበላሸነው።

አዲስ አስገብቼ በሁለት ወር ተቀደደ። ዕቃው ነው ችግሩ?

ሊሆን ይችላል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው «ዳዶው ሲጠብቅ መኪናው የት ነበር?» ብዬ ነው።

አንድ የዶልፊን ሚኒባስ ሾፌር ከኮምቦልቻ መጣ። ፊቱ ላይ ንዴት አለ። «ጋሼ፣ ሁለት ወር እንኳን አልሞላውም፤ ኦሪጅናል ብለው ነው የሸጡልኝ» አለኝ። ፈትተን አየነው። ጎማው ጥሩ ጎማ ነበር። ግን አራቱም አንድ ዓይነት ቦታ ላይ፣ አንድ ዓይነት አቅጣጫ ተቀደዋል። ዕቃ ብቻውን እንዲህ አይበላሽም። ያሰረው እጅ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። መኪናው በክሪክ ተነስቷል። እግሩ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ አርሙም ወደ ታች ወርዷል። መካኒኩ አዲሱን ጎሚኒ አስገባ፣ ቡሎኑን ከተተ፣ እዚያው እንደተንጠለጠለ ዳዶውን ጥርቅም አደረገው። አሁን የመሃሉ ቱቦ በዚያ አቀማመጥ ተያዘ። ለጎማው «ያረፍክበት ቦታ ይህ ነው» ብሎ እንደመንገር ነው። ከዚያ መኪናው መሬት ወረደ። ክብደቱ ሲያርፍ አርሙ ወደ ላይ ወጣ፣ እንበል 20 ዲግሪ። ጎማው ገና ጋራዡ በር ላይ ሳይደርስ 20 ዲግሪ ተጠማዝዟል። ቆሞ ሲያድርም ተጠማዝዞ ነው የሚያድረው። ሐረጎ ላይ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው ቁልቁለት፣ ጉድጓድ ሲያገኝ ከዚያ ላይ ሌላ 15 ዲግሪ ይጨመርበታል። ከአቅሙ በላይ ሲሆን ይቀደዳል።

የተወጠረ ጎማ ሌላም ጠላት አለው። አየር ውስጥ ያለው ኦዞን የሚባለው ጋዝ ያልተወጠረን ጎማ ብዙም አይጎዳውም፤ የተወጠረውን ግን ላዩን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ እንዲህ የታሰረ ጎሚኒ መኪናው ቆሞም ያረጃል።

ትክክለኛው አሠራር ይኸውላችሁ። ቡሎኖቹ ሁሉ ይገባሉ፣ ዳዶዎቹ በእጅ ብቻ ይያዛሉ። እግሩ ይታሰራል። መኪናው በአራት እግሩ መሬት ላይ ይቆማል። ወደፊትና ወደኋላ ትንሽ ይገፋል፤ ከላይ ተጫን ተጫን ተደርጎ እንዲደላደል ይደረጋል። ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ተገብቶ ዳዶው ይጠብቃል፤ ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ካለ ፋብሪካው በሰጠው ልክ።

ጉድጓድ የሌለው ጋራዥስ? መኪናው መቆሚያ ላይ እንዳለ በሌላ ክሪክ አርሙን ከሥር መግፋት ነው። ሻንሲው ከመቆሚያው ላይ ነቅነቅ ሊል ሲል እግሩ ክብደቱን ተሸክሟል ማለት ነው። ያኔ ይጠብቅ። በባዶ ክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር ግን ማንም አይግባ። የደሴ መሬት ተዳፋት ነው። እግሮቹ ድንጋይ ወይም እንጨት ይደገፉ፤ መቆሚያ ሳይገባ ማንም ራሱን ከሥር አያስገባ። ይህን ለተለማማጆቼ በየቀኑ እላለሁ፤ ለእናንተም እላለሁ።

እኔም ልጅ ሆኜ ሥራ ስማር እግሩ እንደተንጠለጠለ ነበር የማስረው። ያስተማረኝ ሰው እንዲያ ነበር የሚያስረው፤ እሱንም ሌላ ሰው እንዲያ አስተምሮታል። የስንት ሰው ገንዘብ እንደፈሰሰ ሳስበው ያሳዝነኛል። ለዚህም ነው የምጽፈው።

ዶልፊኔን ከፍ አስደርጌዋለሁ። ያ ጎሚኒውን ይነካዋል?

ይነካዋል፤ ይህን የሚጠይቅ ሰው ስላገኘሁ ደስ ይለኛል። ዶልፊን ከፊት ጠምዛዛ ሞላ የለውም። በሱ ፋንታ ቶርሽን ባር የሚባል ረጅም የብረት ዘንግ አለው። ጭነት የሚያበዛ ሰው የዘንጉን ማስተካከያ ቡሎን አጥብቆ ፊቱን ከፍ ያደርጋል። ከፍ ሲል አርሙ ከሻንሲው አንጻር ወደ ታች ይወርዳል፤ ጎሚኒዎቹም በዚያው ልክ ተጠማዝዘው ይቀራሉ። ስለዚህ ከፍታ ከተቀየረ በኋላ የጎሚኒዎቹን ዳዶ ማላላት፣ መኪናውን ማደላደል፣ እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል። አላይመንትም፣ ማለትም የእግሮቹ አቀማመጥ ልክ፣ ይታይ። በጣም ከፍ ማድረግን ግን አልመክርም። መሪው ይቀላል፣ ሐረጎን ስትወርዱ ደግሞ የሚያስፈልጋችሁ ጨዋ መሪ ነው።

መበላሸቱን በምን አውቃለሁ?

በጆሮ፣ በእጅና በዓይን።

በጆሮ፦ ጉብታ ላይ ቀስ ብላችሁ ስታልፉ ወይም ፍሬን ይዛችሁ ስትለቁ «ኳ» የሚል አንድ ደረቅ ድምፅ። የሚያፏጭ ወይም የሚንቋቋ ሳይሆን አንድ ጊዜ መትቶ የሚተው።

በእጅ፦ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪውን ደጋግማችሁ ማስተካከል ካስፈለጋችሁ። ፍሬን ስትይዙ ወደ አንድ ወገን ከሳበ። ነዳጅ ስትረግጡ ወደ አንዱ፣ ስትለቁ ወደ ሌላው ካለ ደግሞ የአርሙን የኋላ ጎሚኒ ተጠራጠሩ።

በዓይን፦ እግሩ ከውስጥ በኩል ብቻ ከተበላ። ጎሚኒው ላይ ቱቦው ከመሃል ወጥቶ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ። ላዩ ላይ ያለ ቀጭን የፀጉር መስመር የሚመስል ስንጥቅ አያስፈራ። ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ወይም ጎማው ከብረቱ የተላቀቀበት ክፍተት ካለ ግን ጊዜው አልፏል። መካኒኩ ረጅም ብረት አርሙና ሻንሲው መካከል አስገብቶ ሲፈለቅቀው ማየት ትችላላችሁ። ጤነኛ ጎሚኒ ትንሽ ይሰጥና ይመልሳል። የሞተው ወለል ይላል።

ቦል ጆይንትም፣ አርሙን ከእግሩ ጋር የሚያገናኘው ኳስ መሳይ መጋጠሚያ፣ ተመሳሳይ ድምፅ አለው። ሁለቱ ሳይለዩ ዕቃ አትግዙ።

ግራሶ ብቀባው አይለሰልስም?

ይለሰልሳል፤ ያም ነው ጥፋቱ። ጎማ የነዳጅ ዘይትን ይጠጣል። ሲጠጣ ያብጣል፣ ይልማል፣ በመጨረሻም እንደ ሙጫ ይሆናል። ከብረቱ ጋር ያጣበቀውም ይላቀቃል። ድምፁ ለሳምንት ሊጠፋ ይችላል። ሰውዬው «ግራሶ አዳነው» ብሎ ይሄዳል፤ በወሩ ይመለሳል።

ሲገባ እንዲንሸራተት ማርጠቢያ ካስፈለገ የሳሙና ውሃ ይበቃል። የሲሊኮን ቅባት ካለም ጎማን አይጎዳም።

ላቫጆ ላይ ከሥር ናፍጣ ማስረጨትስ?

እባካችሁ ተዉት። ዝገት ይከላከላል ተብሎ ነው የሚደረገው። ሻንሲው ላይ የሚያርፈው ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት ጎሚኒው ላይም ያርፋል። ከላይ ግራሶ ያደርጋል ያልኩትን ሁሉ ናፍጣም ያደርጋል። አቧራ ይይዛል፣ የፍሬን ዕቃ ላይ ከደረሰ ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። በንጹሕ ውሃ ከሥር ማሳጠብ በቂ ነው። ሞተር ወይም ካምቢዮ ዘይት የሚያንጠባጥብባችሁም ከሆነ ጎሚኒ ከመቀየራችሁ በፊት ማፍሰሱ ይዘጋ። ያለዚያ አዲሱም የአሮጌውን ዕጣ ያገኛል።

የእኛ መንገድ የበለጠ ይጎዳዋል?

ይጎዳዋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛው መውረጃ ሐረጎ ላይ ነው። ይህን ቀን በቀን አራት አምስት ጊዜ የሚመላለስ ሚኒባስ አስቡት።

ሲወርድ ፍሬን ይያዛል። ፍሬን ሲያዝ እግሩ ወደ ኋላ ይገፋል፣ መኪናው ወደ ፊት ይሄዳል፤ የሁለቱን ጉተታ የሚችለው የአርሙ ጎሚኒ ነው። ጠመዝማዛው ላይ ደግሞ ወደ ጎን ይጨመቃል። ስለዚህ የዚህ መስመር መኪና የፊት ጎሚኒ ሜዳ ለሜዳ ከሚሄደው ቀድሞ ቢያልቅ አይገርምም። በከባድ ማርሽ የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑን ብቻ ሳይሆን ጎሚኒውንም ያተርፋል። ይህን ብዙ ሰው አያስተውልም።

ከኮምቦልቻ በባቲ አድርገው ወደ ሚሌ የሚወርዱት ሌላ ፈተና አለባቸው። አፋር ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ አስፋልቱ ደግሞ ከዚያ በላይ ይግላል። ሙቀት ጎማን ቀስ በቀስ ያደርቀዋል። ያው መኪና ሲመለስ ደሴ ላይ ብርድ ያገኘዋል። በብርድ ጎማ ይጠነክራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት መኪናው መጀመሪያ ሲንቀሳቀስ ቢንቋቋና ፒያሳ ሳይደርስ ዝም ቢል አብሽሩ፣ የብርድ ነው። ቀኑን ሙሉ ከቀጠለ ግን አሳዩት።

ከአሮጌ ጎማ ተቆርጦ ቢሠራልኝስ? ቶርኖ ቤት በቴፍሎን፣ በጠንካራ ፕላስቲክ፣ ቀርጸን እንሥራልህ ይሉኛል።

ለሁለቱም ክብር አለኝ። ዕቃ በጠፋበት ጊዜ ስንት መኪና በእነሱ ብልሃት ነው የቆመው። ግን ሁለቱን ለይተን እንይ።

ከአሮጌ የመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚገባው በረባሶ የሚሠራበት ዓይነት ነው። ውስጡ ክር ወይም ሽቦ አለው፤ በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚለጠጠው። ከብረቱ ጋር አልተጣበቀም። ስለዚህ አይጠማዘዝም፤ ይፋተጋል። እየተፋተገ ራሱም ያልቃል፣ የአርሙን ቀዳዳም ያሰፋል። የሾክ አብዞርበር ጫፍ ላይ፣ ሌላ እስኪገኝ፣ ለጥቂት ቀን እሺ። የፊት አርም ላይ ግን አልሠራም፤ ሰው የሚጭን መኪና ከሆነማ ፈጽሞ።

ቶርኖ ላይ የሚወጣው ጠንካራ ፕላስቲክ ልክነቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ችግሩ አለመለጠጡ ነው። ጎሚኒ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይሠራም፤ ይጠማዘዛል፣ ትንሽ ይዘማል፣ ትንሽ ይጨመቃል። ጠንካራው ፕላስቲክ ያንን ሲከለክል ጉልበቱ ወደ አርሙና ወደ ሻንሲው ጆሮ ይሄዳል። ከጊዜ በኋላ ብረቱ ሲሰነጠቅ ትርፉ ብየዳ ነው።

ፖሊዩረታን የሚባለውስ? እሱ ለሥራው ተብሎ የተሠራ ነው፤ ከጎማ ይጠነክራል፣ ዘይትም እንደ ጎማ በቀላሉ አይበላውም። አብዛኛው ግን ከብረቱ ጋር ስላልተጣበቀ ይሽከረከራል፣ ስለዚህ የራሱ ቅባት ይፈልጋል፤ ሲደርቅ ይጮኻል። ንዝረቱንም የበለጠ ያሳልፋል። ለቤት መኪና ጎማውን እመርጣለሁ።

የገዛሁት መሃሉ ላይ ባዶ ቀዳዳ አለው። ድፍኑ አይሻልም?

ቀዳዳው ጉድለት አይደለም። የአርሙ ትልቁ የኋላ ጎሚኒ ብዙ ጊዜ በሁለት ወገን ባዶ ይተዋል። ባዶ ባለበት አቅጣጫ ይለሰልሳል፣ ድፍን ባለበት ይጠነክራል። እግሩ ጉድጓድ ሲመታ ትንሽ ወደ ኋላ ይላል፣ ጠመዝማዛ ላይ ግን ወደ ጎን አይላወስም። ስለዚህ ሲገባ አቅጣጫው ይጠበቅ። አሮጌው ከመውጣቱ በፊት ቀዳዳው ወዴት እንደሚያይ አርሙ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ዘጠና ዲግሪ ዞሮ የገባ ጎሚኒ አዲስ ቢሆንም መኪናውን ያበላሸዋል።

አንዳንዱ ውስጡ ፈሳሽ አለው። ሲቀደድ ጥቁር ፈሳሽ ያፈስሳል። ያን አይታችሁ ሾክ አብዞርበር አፈሰሰ ብላችሁ አትቀይሩ።

ጥሩውን ከመጥፎው እንዴት ልለይ?

ካርቶኑን አትመኑ። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የቱቦው ርዝመት፣ የውጪው ስፋት፣ የቀዳዳው ቅርጽ አንድ መሆን አለበት። ጎማው ከብረቱ ጋር የተገናኘበትን መስመር በጥፍራችሁ ፈልቅቁት፤ ከተነሳ አትውሰዱት። ላዩ የደረቀ፣ ግራጫ የሆነ ወይም የተሰነጣጠቀ ከሆነ መደርደሪያ ላይ አርጅቷል። በመስኮት ፀሐይ የሚመታው መደርደሪያ ላይ ያለውንም አልወስድም።

አንዱን ብቻ ልቀይር?

ግራና ቀኙን አብራችሁ ቀይሩ። አንዱ ጠንካራ፣ አንዱ የላላ ከሆነ ፍሬን ላይ ይስባል። አርሙ ከተጣመመ ወይም ቦል ጆይንቱ ከአርሙ ጋር አንድ ላይ የተሠራና ያለቀ ከሆነ ሙሉ አርም መግዛት ይሻላል። ካልሆነ ጎሚኒው ብቻ ይበቃል።

በመዶሻና በእሳት ማውጣት ችግር አለው?

መዶሻው አርሙን ያጣምማል፣ አዲሱንም ገና ሳይሠራ ያቆስለዋል። ፕሬስ ያለው ቤት ፈልጉ። ፕሬስ ከሌለ ሞርሳ፣ ረጅም ቡሎንና ልክ የሆነ ቱቦ ተጠቅሞ ቀስ እያሉ ስቦ ማስገባት ይቻላል፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ያምራል። የሚገፋው የውጪው ቀለበት ብቻ ነው። መሃሉን ከገፋችሁ ጎማውን ከብረቱ ታላቅቁታላችሁ።

እሳቱን ግን እቃወማለሁ። ጎማ ሲቃጠል ጥቁሩ ጭስ መርዝ ነው፤ የሚተነፍሱት ደግሞ ከሥር የተኙት ልጆች ናቸው። ከአሉሚኒየም የተሠራ አርም ከሆነ ሙቀቱ ጥንካሬውን ያጠፋዋል። ጎሚኒ አጠገብ ሌላ ብየዳ ሲሠራም ወይ ይፈታ ወይ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈን።

የባሌስትራው ጎሚኒም ያው ነው?

ደንቡ አንድ ነው። ባሌስትራው ዓይን ውስጥ ያለው ጎማ ከሆነ መኪናው በክብደቱ ቆሞ ነው የሚጠብቀው፤ ግራሶም አይነካውም። አንዳንድ የጭነት መኪና ላይ ግን ፒኑ የሚዞረው በብረት ወይም በነሐስ ቦኮላ ውስጥ ነው። ያ በእርግጥ ይሽከረከራል፤ ግራሶ መግቢያ ጡትም አለው። እሱ በየጊዜው ግራሶ ካልጠጣ ይበላላል። አንድ ሐጂ አይሱዙአቸውን ይዘው መጥተው «ለአንዱ ግራሶ አድርግ፣ ለአንዱ አታድርግ ትላለህ፤ በየቱ ልያዝህ?» አሉኝ። «ሐጂ፣ ጡት ያለውን ግራሶ ያጥቡት፤ ጡት የሌለውን ይተዉት» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ረዳታቸው አይሳሳትም።

ከተቀየረ በኋላ አላይመንት የግድ ነው?

የአርም ጎሚኒ ከሆነ አዎ። የእግሩ አቀማመጥ ይቀየራል፤ ያለ አላይመንት ከሄዳችሁ አዲስ እግር በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ታበላላችሁ። የስታቢላይዘር ወይም የሾክ አብዞርበር ጫፍ ብቻ ከሆነ አያስፈልግም።

ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?

አንድ ቁጥር አልሰጥም። አስፋልት ላይ ተጠንቅቆ የሚነዳ የቤት መኪና ከመቶ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድበት ይችላል። ኩታበር ወይም ወረኢሉ አቅጣጫ ጠጠር ላይ የሚውል ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ። ዘይት በተቀየረ ቁጥር መኪናው ጉድጓድ ላይ ነውና መካኒኩ ባትሪ አብርቶ አንድ ዙር ይየው። አምስት ደቂቃ ነው። ዓመታዊ ምርመራውን፣ ቦሎውን አትጠብቁ።

ተቀዷል ተባልኩ፤ ነገ ጠዋት አዲስ አበባ ጭነት አለኝ። ልሂድ?

የቱ እንደተቀደደ ይወስናል። የስታቢላይዘር ወይም የሾክ አብዞርበር ጎሚኒ ከሆነ ቀስ ብላችሁ ሄዳችሁ ተመልሳችሁ ቀይሩ። የፊት አርም ከሆነና በብረት ሲፈለቀቅ ወለል የሚል ከሆነ፣ ወይም ቱቦው ከጎማው ተላቆ ብረት ብረትን የሚመታ ከሆነ፣ አትሂዱ። 400 ኪሎ ሜትር ነው። ጣርማ በር አለ፣ ስትመለሱም የደብረ ሲና ቁልቁለት አለ፤ እዚያ ላይ ፍሬን ስትይዙ እግሩ ወዴት እንደሚሄድ የምትወስኑት እናንተ አትሆኑም። ጭነቱን ለጓደኛ አስተላልፉ፣ ወይም ማታውኑ አሠሩት። ማታ ስታሠሩም ያው ነው፤ መኪናው መሬት ላይ ሳይቆም ዳዶው እንዳይጠብቅ አጠገቡ ቆማችሁ እዩ።